በግራ የሚቋጠረው ሻል

ከአውቶቡስ መናኸሪያው በር ፊት ለፊት፣ በቁልፍ ሠሪውና በጫማ ሱቁ መካከል ተጣብቃ የቆመች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ሻልና የአንገት ልብስ እንጂ ሌላ አትሸጥም። ባለቤቱ ሠራተኞቹ «ጋሼ» የሚሉት፣ የሚያስበውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያስብ ወፍራም ሰው ነው። ሱቋን ያቆማት ግን እሱ ሳይሆን የአንዲት ሴት ትከሻና አንገት ነው። የመናኸሪያው ሾፌሮች «እትዬ ሻል» ብለው ስም አወጡላት፤ ስሙም በልኳ እንደተሰፋ ልብስ እላይዋ ላይ ቀረ።

እትዬ ሻል የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ያደገችው ከእናቷ የስፌት መኪና ሥር፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ስትጫወት ነው። ገና ፊደል ሳትለይ፣ ሱፍን ከጥጥ ጉንጯ ላይ አድርጋ ትለይ ነበር። ካገባች በኋላ ጋሼ ሱቅ ገባች፤ እዚያው ሽበት ጣል ጣል አለባት።

አሠራሯ የራሷ ነው። ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አታሳይም። «ጠረጴዛ ላይ ያለ ጨርቅ የተኛ ሰው ማለት ነው» ትላለች። «ጠባዩን በምን ታውቂዋለሽ?» ሻሉን ከመደርደሪያው አውርዳ ራሷ ትለብሰዋለች፤ ገዢዋም መስታወት እንደምታይ እሷን ታያለች። መንገደኛ ስትመጣ ደግሞ ወዴት እንደምትሄድ አትጠይቃትም።

«መስኮት ዳር ነሽ በር ዳር?»

«መስኮት ዳር።»

«እንግዲያው ያ ወፍራሙ ይቅርብሽ። ጠዋት መስኮቱ ይበርድሻል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ በዚያው ይገባል። ያን ጊዜ አውልቀሽ እንደ ሰው ልጅ ታቅፈሽው ልትሄጂ ነው?»

ከዚያ አንዱን መርጣ በጭብጧ ጨምድዳ ትይዘዋለች። ስትለቀው ተነፋፍቶ እንደ ነበረ ከተመለሰ ለመንገድ ይሆናል፤ ተጨማድዶ ከቀረ ወደ መደርደሪያው። ዘርፍ ያለውን ለተሳፋሪ አትሰጥም፣ ከቦርሳ ዚፕ ጋር ይጣላልና፤ ጠርዙ የተቀመቀመ ይሻላል። ሲዘረጋ ጉልበት የሚሸፍን፣ ሲታጠፍ የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ አቧራ የማያጋልጥ፣ ሲወርዱም ሥራ ቦታም ለቅሶ ቤትም የሚያስገባ ቀለም ያለው መሆን አለበት። «አንድ ሻል የአንድ ሻንጣ ሥራ ካልሠራ ምን ያደርግልሻል?» ትላለች። ሲወጡ ደግሞ ሁሌም አንድ ቃል ታክላለች፤ «አንገትሽ ላይ እንዳታጠብቂው። አንገት ይተንፍስ።»

ፍርሃቱ የመጣው በዚሁ ሥራዋ መሀል ነው። አንዲት አስተማሪ ለስብሰባ ልትሄድ የአንገት ልብስ ስትመርጥ፣ እትዬ ሻል እንደ ልማዷ ስስ የሆነውን የራሷ አንገት ላይ ጣል አድርጋ፣ በግራ በኩል የወረደውን እጥፋት በጣቷ ታስተካክል ነበር። ጣቷ አንድ ነገር ላይ ቆመ። ጨርቅ አልነበረም። ከቆዳዋ ሥር ያለ፣ ድቡልቡል፣ ምራቋን ስትውጥ አብሯት ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ነበር።

«ምነው?» አለች አስተማሪዋ።

«ምንም፤ ክር ነው።»

ሻሉን ጠቅልላ ሰጠቻት። አስተማሪዋ ከወጣች በኋላ ወደ ጓዳው ገብታ ደግማ ነካችው። አለ። ለቀቀችው፣ እንደገና ነካችው። አሁንም አለ።

እናቷን የገደላት እንዲህ ያለ ነገር ነበር፤ የእናቷ ግን ብብቷ ሥር ነበር የወጣው። እትዬ ሻልን ያስፈራት ግን ሞቱ ብቻ አልነበረም። እናቷ ያመማትን ከተናገረችበት ቀን ጀምሮ ቤቱ ድምፁን ቀነሰ። ቀልደኛ የነበረው አባቷ መቀለድ ተወ። ጎረቤት ሲገባ በሩን እንደ ሌባ ቀስ አድርጎ ይዘጋል። እናቷ ገና በእግሯ እየሄደች፣ ገና የሰው ቀሚስ እየሰፋች፣ ሰው ስለ እሷ «ነበረች» እያለ ያወራ ጀመር። ልጅቱ ያን ጊዜ የተማረችው አንድ ነገር ነው፤ በሽታ የሚጀምረው ሲታመሙ ሳይሆን ሲያወሩት ነው።

ባሏ ደግሞ ከአባቷ የባሰ ቀልደኛ ነው። መናኸሪያው ውስጥ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ልጅ አልወለዱም፣ የቤታቸው ድምፅ የእሱ ቀልድ ብቻ ነው። ያ ድምፅ ቢጠፋ በቤቱ ውስጥ ምን ይቀራል? ስለዚህ ነገሩን በሆዷ ያዘችው።

ለመደበቅ የቸገራት ሥራዋ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንገቷን እያሳየች የምትኖር ሴት አንገቷን እንዴት ትደብቅ? ያደረገችው ይህን ነው። ሰፊ ሻል በሰያፍ አጠፈች፣ አንገቷ ላይ አዙራ አዙራ ጫፉን ከግራ አገጯ ሥር ቋጠረችው፣ ቋጠሮውን ደግሞ በእጥፋቱ ሸፈነችው። መስታወት ፊት ቆማ ግራ ቀኝ አለች። አይታይም። እንዲያውም በግራ በኩል ሞላ ብሎ፣ እንደ ተኛች ርግብ ጉች ብሎ ሲታይ ያምር ነበር።

ማማሩ ጠላት ሆነባት።

«ያንቺን ዓይነት እሰሪልኝ» አለች የመጀመሪያዋ ገዢ። ቀጥሎ ሁለት እህትማማቾች መጡ። ቀጥሎ የባንክ ቤት ሠራተኞች ተያይዘው መጡ። እትዬ ሻል «ለመንገድ አይሆንም፣ ያፍናል» ብትል ማን ሰምቷት፤ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጋሼ እጁን እያፋተገ በሱቁ ውስጥ ይመላለሳል።

«እኔ እኮ በዚህ ወር የሱቅ ኪራይ ጨመሩብኝ፣ ዕቃ ዘገየብኝ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ ስል፣ አንቺ በአንድ ቋጠሮ ነፍሴን መለስሻት።»

እንቅርት ሲል እጇ ሳታዝዘው አንገቷ ላይ ወጣ። ጋሼ ግን የሚያየው በሩን ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ ራት ላይ፣ ባሏ ዘይት የነካው እጁን በሳሙና እያሸ ያወራላት ጀመር።

«ዛሬ የገባው አውቶቡስ ጉድ ነው፣ እመቤቴ። ሞተሩ ሲያንኳኳ ከርሟል። ሾፌሩ ምን ያደርጋል መሰለሽ? ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ሞተሩ ሲብስበት እሱም ሬዲዮኑን ይጨምራል። ለምን ቶሎ አላመጣኸውም ብለው፣ ካመጣሁትማ ታቆሙብኛላችሁ ብዬ አይለኝ መሰለሽ።»

«ታዲያ አሁን ዳነ?»

«የቱ? ሾፌሩ ወይስ ሞተሩ?» ብሎ ሳቀ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሬዲዮን መድኃኒት ያደረገ ግን ገና ዛሬ አየሁ።»

እሷም ሳቀች። ሳቁ ያን ነገር ታክኮ ሲወጣ ተሰማት። «ምነው ቤት ውስጥም ተጠቅልለሽ?» ሲላት፣ «ሱቁ ንፋስ ነው፣ አንገቴን ይዞኛል» አለችው። አመናት። ቢጠራጠራት ይሻላት ነበር፤ ማመኑ ይበልጥ አስፈራት።

በሱቁ ውስጥ ከእሷ ጋር የምትሠራ አንዲት ወጣት አለች፤ በሰውነቷ ምክንያት «ቀጭኗ» ይሏታል። ጋሼ ያንን አስተሳሰር በመስኮቱ ላይ ለቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት እንድታለብስ አዘዛት። ቀጭኗ አሰረች፣ ፈታች፣ አሰረች። ሻሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል እንጂ እንደ እትዬ ሻል ሞላ አይልም።

«ይቺ ልጅ አንገት የላትም» አለች አሻንጉሊቷን በጥፊ መታ አድርጋ።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ሻል ስትመጣ መንገዱን ሳትሻገር ቆመች። መስኮቱ ውስጥ አሻንጉሊቷ ሻሉን በግራ ቋጥራ፣ በግራ በኩል አብጣ ቆማለች። ልክ በዚያ ቦታ። ልክ ያን ያህል። እትዬ ሻል ከመንገዱ ማዶ የራሷን በሽታ መስታወት ውስጥ ለሽያጭ ቀርቦ ያየች መሰላት።

«ጥጥ ጎዘጎዝኩበት» አለች ቀጭኗ በኩራት። «ደረስኩብሽ እኮ! ያለ ጉዝጓዝ ያ ቅርጽ አይመጣም። ዝም ብለሽ ስታሞኚን።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጇ ወጣ። ጋሼ ከእያንዳንዱ ሻል ጋር አንድ ቁራጭ ጥጥ በነጻ ይጨምር ጀመር። ሴቶቹ ከመስታወት ፊት ቆመው ጥጡን ከግራ አገጫቸው ሥር ይወትፋሉ፣ በመዳፋቸው ደልደል ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ። በመናኸሪያው፣ በባንኩ በር፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ እትዬ ሻል ዓይኗን በጣለችበት ሁሉ በግራ በኩል ያበጠ አንገት አለ። አንዳንዷ እየሳቀች ጥጧን አውጥታ ወደ ሌላው ጎን ታዛውረዋለች። የእሷ ግን አይዛወርም። በየቀኑ በጣቷ ትለካዋለች፤ የጨመረ ይመስላታል፣ አልጨመረም ትላለች፣ እንደገና ትለካለች። ምግብ ስትበላ ጉርሻዋን ታሳንሳለች። እያወራች ሳለ ድምፄ ሻክሯል ብላ መሀል ላይ ዝም ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ገዢ ጭር ሲል፣ ቀጭኗ ጥጥ እየበጣጠሰች ቀና ብላ አየቻት።

«እትዬ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። የኔ ጉዝጓዝ ሁሌ ይንሸራተታል። ያንቺ ጠዋት ከገባሽ እስከ ማታ ንቅንቅ አይልም። ምንድን ነው የምትጎዘጉዢው? ስፖንጅ ነው?»

«ተይኝ እስቲ።»

«አልነግርም እኮ፣ ለጋሼም አልናገርም» አለችና እየሳቀች እጇን ልካ ቋጠሮውን ጫን አደረገችው።

ሳቁ ፊቷ ላይ ቀረ፤ ዓይኗ ግን ቀድሞ ተለወጠ። ጣቷን አላነሳችም። እትዬ ሻል ምራቋን ዋጠች፤ ነገሩ ከቀጭኗ ጣት ሥር ከፍ ብሎ ወረደ።

«ይሄ ጥጥ አይደለም» አለች ቀጭኗ።

«አይደለም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዝናቡ ሳይጀምር።»

«እና ባልሽ ምን አለ?»

እትዬ ሻል ቋጠሮውን ወደ ላይ ሰበሰበች። ቀጭኗ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳው አስገባቻት፤ በካርቶኖቹ መሀል ተቀመጡ። እትዬ ሻል ስለ እናቷ ነገረቻት፣ በሩን ቀስ አድርገው ስለሚዘጉት ጎረቤቶች፣ «ነበረች» ስለሚለው ቃል። አላለቀሰችም።

«አትንገሪው» አለች። «የፈለግሽውን አደርጋለሁ፣ ለእሱ ብቻ አትንገሪው።»

«የምፈልገው ሐኪም እንድታዪ ነው። ነገ ጠዋት። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

አንገት የሚያይ ሐኪም ያለው በሌላ ከተማ ነው፤ ግማሽ ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ። ለጋሼ «የዘመድ ጉዳይ» አሉት። ለባሏ «ዕቃ ልመርጥ ጋሼ ልኮኝ ነው» አለችው። «ታዲያ ለኔ ደግሞ ጸጉር የሚያበቅል ባርኔጣ ካለ» ብሎ ራሰ በራውን ዳሰሰ።

ያን ዕለት ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት፣ ለሰው ሁሉ ስትመርጥ የኖረችው ሴት መደርደሪያው ፊት ቆማ ለራሷ መምረጥ አቃታት። እጇ ቀድሞ የሄደው ወደ ወፍራሙ ጥቁር ሱፍ ነው፤ ማንንም፣ ምንንም የሚውጥ ሻል። አንገቷ ላይ አዙራ አጠበቀችው።

«ለማሳየት ነው የምትሄጂው ለመደበቅ?» አለች ቀጭኗ።

እትዬ ሻል ፈታችው። ሌላ አወረደች፤ ሐር ነው፣ ያንሸራትታል፣ አውቶቡስ ውስጥ ሲይዙት አይያዝም። ሌላ አወረደች፤ ዘርፍ አለው። ለገዢ ቢሆን በአንድ አፍታ የምታልፈው ነገር አሁን እንደ ፍርድ ከበዳት። እያንዳንዱን ሻል ስትይዝ የምታስበው ስለ መስኮቱ ብርድና ስለ ቀትሩ ፀሐይ አልነበረም፤ ሐኪሙ ፊት ስቀመጥ ከየት በኩል ይፈታል፣ ስፈታው እጄ ይታዘዘኛል ወይ፣ የሚለው ነበር። በመጨረሻ ሱፍና ጥጥ የተቀላቀለበት፣ አመድማ፣ ሰፊና ቀላል ሻል መረጠች። ቋጠሮ አይፈልግም፤ ትከሻ ላይ ጣል ብሎ በራሱ ይቆማል፣ በአንድ እጅ ይወርዳል። ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች። አንገቷ ታየ። መብራቱን ቶሎ አጠፋችው።

ጠዋት መናኸሪያው በናፍጣ ጭስና በረዳቶች ጩኸት ተሞልቷል። እሷ መስኮት ዳር፣ ቀጭኗ አጠገቧ ተቀመጡ። አንገቷን በሻሉ ጫፍ ጋረድ አድርጋ ወደ ጉልበቷ አቀርቅራለች። ያኔ መስኮቱ ተንኳኳ። ባሏ ነው፤ ቱታውን ለብሶ፣ የብሎን መፍቻውን ይዞ፣ ከመስኮቱ ሥር አንጋጦ ይስቃል።

«እመቤቴ፣ ያቺን ባርኔጣ እንዳትረሺ...»

እሷ ልትሰናበተው ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች። ከላይ ለሚያያት ሻሉ ይጋርዳል፤ ከሥር አንጋጦ ለሚያያት ግን የሚጋርድ ነገር አልነበረም። ዓይኑ ከፊቷ ወረደና እዚያ ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እሷ ሻሉን ሰበሰበች፤ ዘግይታለች። ከዚያ ዘወር አለና ከመስኮቱ ጠፋ።

«አየው» አለች እትዬ ሻል። «ሄደ።»

ቀጭኗ እጇን ያዘቻት። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። በሩ ሊዘጋ ሲል ባሏ ቱታውን እንደለበሰ ገባ፤ በመተላለፊያው መጥቶ ከቀጭኗ አጠገብ ቆመ። ቀጭኗ አየችው፣ እትዬ ሻልን አየቻት፣ ቦርሳዋን አነሳች።

«እንግዲህ ሱቁን ማን ይክፈት» ብላ ወረደች።

መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጉልበቱ ላይ ያሉትን የዘይት እጆቹን ያያል፤ አልፎ አልፎ ሻሉ ከትከሻዋ ሲወርድ መልሶ ያለብሳታል። መጣ፣ አለች በሆዷ፤ ዝምታው መጣ። ከዕጢው ይልቅ ያስፈራት ይሄ ዝምታ ነበር። ቀልድ እንዲያወራ ልትለምነው ፈለገች፤ አልቻለችም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ድምፀ ለስላሳ። «ሻሉን ያውርዱልኝ» ስትል የእትዬ ሻል እጅ ሻሉን ያዘና ቆመ። ጣቶቿ አልፈታ አሉ። ሐኪሟ አልቸኮለችም፤ ወንበሯን ስባ ጠበቀች። ጣቶቹ አንድ በአንድ ለቀቁ። ሐኪሟ ዳሰሰች፣ ውሃ አስዋጠቻት፣ በመሣሪያ አየች፣ በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰደች። መርፌው ሲገባ እትዬ ሻል ጣሪያውን እያየች ትንፋሿን ያዘች።

«ለማን አሳይተው ያውቃሉ?»

«ለማንም።»

«እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ክፉ አይሆንም። አንዳንዴ ግን ይሆናል። ገምቼ አልነግርዎትም፤ ናሙናው እዚሁ ይታያል፣ ውጭ ይጠብቁ፣ እንጠራዎታለን።»

«አንዳንዴ» የምትለዋ ቃል አብራት ወጣች። ኮሪደሩ ውስጥ ባሏ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። አጠገቡ ተቀመጠች፤ እሱም ተቀመጠ። ሻሉ ጉልበቷ ላይ ነው። አንገቷ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ከዝናቡ በፊት ጀምሮ አየር ያልነካው ቆዳ በረደው። አልሸፈነችውም። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሴትዮ አይተው ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ልንካው?» አለ ባሏ።

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ጣቶቹን በሱሪው ጠርጎ፣ ከፕላስተሩ ጎን፣ እንደ ትኩስ ብረት እየፈራ ነካው።

«ጠጣር ነው።»

«አዎ።»

እጁን መለሰ።

«ፈራሁ» አለ።

ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። አውቶቡስ ሥር ተኝቶ ክሪኩ ሲንሸራተት እንኳ «ብረቱ ሊስመኝ ነበር» ብሎ የሳቀ ሰው ነው።

«ከመስኮቱ ሥር ሳየው እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አለ። «ያላየሁ መስዬ ልሄድ ነበር። እውነቴን ነው። ዘወር ብዬ ጋራዡ ድረስ ሄጄ ነበር።»

«ለምን ተመለስክ?»

«አውቶቡሱ ሊነሳ ነዋ። ቢዘገይ ኖሮ እስካሁንም እዚያ ቆሜ ነበር።»

እሷ ሳታስበው በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ፣ እሱም አላባበላትም፣ እንዲያው ወደ እሷ ጠጋ አለ። ከዚያ መናገር ጀመረች። ጣቷ ስለቆመበት ቀን፣ ክር ነው ስላለችው፣ ስለምታሳንሰው ጉርሻ፣ ሁሉን ነገረችው፤ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ እየሰሙ። እሱም ጠየቃት፤ ያምማል ወይ፣ ስትተኚስ፣ ያኔ ራት ላይ ስስቅብሽ ምን አልሽ? መለሰችለት። ፍርሃቱ አልሄደም፤ ሆዷ ውስጥ እንደ ነበረ ነው፤ አሁን ግን ብቻዋን አልያዘችውም።

የውስጠኛው በር ተከፈተ። ነርሷ ብቅ ብላ ጠራቻት።

ሁለቱም ቶሎ አልተነሱም።

«አንቺ ቅደሚ» አለ።

«አብረን» አለች።

በሩ ለሁለት ሰው ጠባብ ነበርና ሁለቱም በጎናቸው ዞረው አብረው ገቡ።